ሁለት ጊዜ ሁለተኛ፦ ኳርተርባክን ቀድሞ ስለመምረጥ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በአሜሪካ ብሔራዊ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) በሰንጠረዡ ግርጌ ለሚገኙ ቡድኖች ባለቤቶችና ዋና ሥራ አስኪያጆች

ግልባጭ፦ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትገኙ አማርኛ አንባቢ ደጋፊዎች

ጉዳዩ፦ ኳርተርባክን በድራፍቱ መጀመሪያ ላይ ስለመምረጥና ስለሚከፈልበት ዋጋ

ክቡራን ሆይ፣

እኔ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር፣ ኑሮዬን በታክሲ መሪ ላይ የመሠረትኩ፣ የዋሽንግተንንም ቡድን በሦስት የተለያዩ ስሞቹ ሳልለየው የቆየሁ ደጋፊ ነኝ። ደብዳቤውን በአማርኛ መጻፌ ያስገርማችሁ ይሆናል። ስለዚህ ቡድን የተቆጣሁትም የተደሰትኩትም በአማርኛ ስለሆነ በሌላ ቋንቋ ልጽፈው ብሞክር ነገሩ ይቀዘቅዝብኛል፤ እናንተ ዘንድ ለመድረስ አስተርጓሚ ቢያስፈልገው ደግሞ፣ ለአንድ ኳርተርባክ ከምታፈሱት ገንዘብ አጠገብ የአስተርጓሚ ክፍያ የሚቆጠር ወጪ አይሆንባችሁም።

የምጽፈው በየዓመቱ የውድድር ዘመኑ ሲገባደድና የድራፍት ወሬ ሲነሣ፣ ቡድናቸው ሲሸነፍ የከረመባቸው ከተሞች ሁሉ ስለሚጠይቁት ጥያቄ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ኳርተርባክ እንምረጥ ወይስ ሌላውን ቀዳዳ እንድፈን? በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ አንዱን ቀን ለይቼ ከምናገርበት ቦታ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማይከታተሉ አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። ኳርተርባክ ማለት የማጥቃቱ ጨዋታ ሁሉ በእጁ የሚጀምር፣ ኳሱን ለማን እንደሚወረውር ወይም እንደሚያቀብል በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ የሚወስን ሰው ነው። ድራፍት ደግሞ 32ቱ ቡድኖች በየዓመቱ በኤፕሪል መጨረሻ ከኮሌጅ የሚወጡትን ወጣቶች በሰባት ዙር የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ነው፤ ባለፈው ዘመን ከሁሉ የከፋ ውጤት ያመጣው ቀድሞ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ በየዙሩ መጨረሻ ላይ ይመርጣል። ተራው ግን ይሸጣል፣ ይለወጣል። ዕቁብ ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕቁብተኛ የቸገረው ወይም የቸኮለ እንደሆነ ዕጣ የወጣለትን ሰው ይለምናል፣ ካልሆነም ጨምሮበት ዕጣውን ይገዛዋል። ልዩነቱ በእኛ ዕቁብ ዕጣ የሚገዛው ሰው ምን ያህል ገንዘብ እንደሚቀበል ያውቃል፤ በእናንተ ዕቁብ ግን የሚወጣው የ21 ወይም የ22 ዓመት ልጅ ነው፣ የልጁንም ነገር አምስት ዓመት ሳይሞላ የሚያውቀው የለም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ኳርተርባክ የሌለው ቡድን ኳርተርባክን ቀድሞ ቢመርጥ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ሽንፈት ባመጣለት በገዛ ተራው ይምረጥ እንጂ የሚመጡትን ዓመታት ሸጦ አይግዛው፣ የሚያስቀምጥበትን ቤት ሳያሰናዳም ልጁን አያስገባው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። የኖርኩበት ከተማ በ12 ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ በሁለተኛው ተራ ኳርተርባክ መርጧል፤ ሁለቱንም አይቻለሁ።

በ2012 የዋሽንግተን ቡድን የነበረው ስድስተኛው ተራ ነው፤ ሁለተኛው ተራ በሴንት ሉዊስ ራምስ እጅ ነበር። ያን ተራ ለማግኘት ቡድናችን ስድስተኛ ተራውን፣ የዚያኑ ዓመት የሁለተኛ ዙር ተራውን፣ በላዩም የ2013 እና የ2014 የአንደኛ ዙር ተራዎቹን ሰጠ። በዚህ ዋጋ የመጣው ሮበርት ግሪፈን ሣልሳዊ ነበር፤ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ልጅ፣ የኮሌጅ ፉትቦል ታላቅ ሽልማት የሆነውን የሃይዝማን ዋንጫ ያገኘ፣ እንደ ፈረስ የሚሮጥ፣ ኳሱንም ሩቅ የሚወረውር። በዚያ መከር ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የጫንኩት ተሳፋሪ ሁሉ የሚያወራው ስለ እርሱ ነበር፤ ሴናተሩም ሻንጣ ጎታቹም እኩል። ቡድኑ 3 አሸንፎ 6 ከተሸነፈ በኋላ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ 10 ለ 6 ጨረሰ፣ ከ1999 ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ የምድቡ አንደኛ ሆነ። ግሪፈን የዓመቱ የማጥቃት ምርጥ ጀማሪ ተባለ። በዚያ ሰሞን ስለ ተሸጡት ተራዎች ያነሣ ሰው ቢኖር እኔ ራሴ ከመኪናዬ አስወርደው ነበር።

ከዚያ ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 መጣ። ቀኑ እሑድ ነበር፤ በእኛ ታኅሣሥ 28 ቀን 2005፣ የገና ዋዜማ። በየቤቱ ዶሮው እየተወጠወጠ፣ ጾሙ ግን ገና ስላልተፈታ ሽታውን ብቻ እየማግን፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠናል። በዲሴምበር ከባልቲሞር ጋር ሲጫወት ጉልበቱን ተጎድቶ የነበረው ልጅ ገባ። በመጀመሪያው ሩብ ቡድናችን ሲያትልን 14 ለ 0 መራ። ልጁ ግን ማነከስ ጀመረ፤ እኛ ከሶፋ ላይ ሆነን ያየነውን ነገር ከሜዳው ዳር የቆሙት አላዩትም ለማለት ይከብዳል። በአራተኛው ሩብ የሾለከችበትን ኳስ ለመያዝ ዞር ሲል ጉልበቱ ከዳውና ተዘረረ። 24 ለ 14 ተሸነፍን። አክስቴ ጨዋታውን የማታውቅ ሰው ስትሆን፣ «ልጁን ለምን አላስቀመጡትም?» ብላ ጠየቀች፤ የሚመልስላት አልተገኘም። እኔ እስከ ዛሬ መልሱ ዋጋው ነው እላለሁ። ሦስት የአንደኛ ዙር ተራ ተከፍሎበት የመጣን ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ሹማምንቱን ሁሉ ያስጨንቃል።

በዚያ ምሽት ከወዲያ በኩል ያሸነፈን ኳርተርባክም ጀማሪ ነበር፤ ራስል ዊልሰን፣ በዚያው በ2012 ድራፍት በሦስተኛው ዙር በ75ኛ ተራ የተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ሲያትል ሱፐር ቦውልን፣ ማለትም የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ 43 ለ 8 ሲያሸንፍ የመራው እርሱ ነው። የእኛ ቡድን በዚያው ዓመት 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ሥርዓቱ ለተሸነፈ ሰው የሚሰጠው ማጽናኛ አለ፤ ያን ያህል የተሸነፈ ቡድን በ2014 ድራፍት ሁለተኛ ሆኖ መምረጥ ነበረበት። ተራው ግን የራምስ ነበር። ዲሴምበር 7 ቀን 2014 ራምስ እዚሁ ላንዶቨር መጥተው ሲጫወቱ፣ አሰልጣኛቸው ጄፍ ፊሸር ሳንቲም ወደሚጣልበት መሐል ሜዳ አምበል አድርጎ የላካቸው ስድስት ተጫዋቾች በሙሉ ከዚያ ልውውጥ የተገኙ ነበሩ። እኛ የሸጥነውን ዕጣ አሰልፎ በገዛ ሜዳችን አሳየን ማለት ነው። ጨዋታውም 24 ለ 0 አለቀ።

ፍርደ ገምድል ላለመሆን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ ሻጩም በገንዘቡ አልከበረበትም፤ ራምስ በዚያ ሁሉ ተራ ጥሩ ጥሩ ልጆች ቢያገኙም የራሳቸው ኳርተርባክ ሳም ብራድፎርድ በተደጋጋሚ ስለተጎዳ ከመካከለኛነት አላለፉም። ተራ ማከማቸት ብቻውን ኳርተርባክን አይተካም፤ «ሁሉንም ቀዳዳ እንድፈን፣ ኳርተርባኩ ኋላ ይደርሳል» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ጥሩ ነው። ሁለተኛው፣ ጥፋቱን በልጁ ላይ የሚጭን ሰው ነገሩን አልተመለከተም። ግሪፈን የተጠየቀውን ሁሉ አድርጓል። በ2015 አንድም መደበኛ ጨዋታ ሳይሰለፍ ዓመቱን ጨረሰ፤ በቦታው ቡድኑን ለምድቡ አንደኛነት ያበቃው ከርክ ከዝንስ ነበር፣ እርሱም በዚያው በ2012 ድራፍት በአራተኛው ዙር በ102ኛ ተራ ያለ ምንም ልውውጥ የተወሰደ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጊዜ ልምጣ። በ2023 ቡድናችን 4 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። በዚያ ዓመት ኳርተርባኩ ሳም ሃዌል ነበር፤ በ2022 በአምስተኛው ዙር በ144ኛ ተራ የመጣ፣ ልበ ሙሉ ልጅ። ኳሱን ሳይለቅ ተይዞ 65 ጊዜ ወደቀ (ተጫዋቾች «ሳክ» የሚሉት ነው)፣ 21 ኳስም ለተጋጣሚ ወረወረ፤ በሁለቱም ከሊጉ አንደኛ ነበር። «ርካሹን ከታችኛው ዙር እናገኘዋለን» የሚለው ሐሳብ ምን ሊመስል እንደሚችል በየእሑዱ 17 ጊዜ አየነው። ነገር ግን በዚያው የመከራ ዓመት መሐል ቡድኑ ሁለት ስመ ጥር ተከላካዮቹን፣ ሞንቴዝ ስዌትንና ቼዝ ያንግን፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ዙር ተራ ለወጠ። ጓደኞቼ አብደዋል አሉ። እኔም ብያለሁ፣ አልደብቅም።

ስለዚህ በ2024 ሁለተኛው ተራ ሲደርሰን የገዛ ተራችን ነበር፤ ከበስተኋላው ያሉት ተራዎችም በቦታቸው ነበሩ፣ ተጨምሮባቸውም ነበር። የተጠራው ስም ጄይደን ዳንኤልስ ሆነ፤ ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ግሪፈን ሃይዝማንን ያገኘ፣ እንደ ግሪፈን የሚሮጥ፣ ኋላም እንደ ግሪፈን የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ የተባለ። መመሳሰሉ ያስፈራ ነበር። ልዩነቱ በዙሪያው ነበር፦ አዲስ አሰልጣኝ፣ አዲስ ሥራ አስኪያጅ፣ በአንድ ጊዜ ሥራ የጀመሩና የአንዱ ስሕተት በሌላው የማይሳበብ። መሐሉን የሚጠብቅ አዲስ ሴንተር ተቀጠረ፤ አዛውንት የኳስ ተቀባይ መጣ፤ በአጠገቡም ማርከስ ማሪዮታ ተቀመጠ፣ እርሱም በ2015 ራሱ በሁለተኛው ተራ ተመርጦ መውጣት መውረዱን የቀመሰ ሰው ነው። ቡድኑ 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፣ በጥሎ ማለፉም ታምፓ ቤይንና ዲትሮይትን በየሜዳቸው አሸንፎ ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ደረሰ። ፊላደልፊያ 55 ለ 23 ቀጣን፤ ይሁን።

ከዚያ ዓመት አንድ ጨዋታ ለነገሬ ያስፈልገኛል። ኦክቶበር 27 ቀን 2024 ላንዶቨር ላይ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ዳንኤልስ ያለ ተስፋ ወደ ላይ የሰቀላት ኳስ በሰው እጅ ተነካክታ ኖኅ ብራውን እጅ ውስጥ ወደቀች፤ ቺካጎን 18 ለ 15 አሸነፍን። ጎረቤቶቼ እልልታውን ሰምተው ሠርግ መስሏቸው ነበር። በወዲያ በኩል የነበረው የቺካጎ ኳርተርባክ ኬሌብ ዊልያምስ የዋሽንግተን ከተማ ልጅ ነው፣ የተማረውም እዚሁ ጎንዛጋ ትምህርት ቤት። በዚያው ድራፍት አንደኛ ተብሎ የተጠራው እርሱ ነው፤ ቺካጎን ያን አንደኛ ተራ ያስገኘላት ደግሞ የቺካጎ ሽንፈት ሳይሆን የካሮላይና ሽንፈት ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2023 ካሮላይና ፓንተርስ አንደኛውን ተራ ከቺካጎ ለመግዛት ዘጠነኛ ተራዋን፣ የሁለተኛ ዙር ተራ፣ የ2024ን የአንደኛ ዙር ተራ፣ የ2025ን የሁለተኛ ዙር ተራ ሰጠች፤ ይህም ሳይበቃ ዲጄ ሙርን፣ ማለትም ምርጥ ኳስ ተቀባይዋን፣ አብራ መረቀች። በዚህ ዋጋ ብራይስ ያንግን አመጣች። አስቡት፤ ኳስ የሚወረውረውን ልጅ ለመግዛት ኳስ የሚቀበለውን ሰው ሸጠች። ሚዜውን ሸጦ ሙሽራውን እንደ መዳር ነው። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት 62 ጊዜ ተይዞ ወደቀ፣ ቡድኑ 2 አሸንፎ 15 ተሸነፈ፣ አሰልጣኙም ከ11 ጨዋታ በኋላ ተባረረ፤ እንዲህ ያለ ሽንፈት የሚያስገኘው የ2024 አንደኛ ተራ ግን አስቀድሞ የቺካጎ ሆኖ ነበርና በእርሱ ኬሌብ ዊልያምስ ተመረጠ። ያንግ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ እኔም ደስ ብሎኛል፤ የተሻሻለው ግን ከዋጋው ብዛት የተነሣ አይደለም።

ሳን ፍራንሲስኮም በ2021 ሦስተኛውን ተራ ለመግዛት ሦስት የአንደኛ ዙር ተራና አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ለማያሚ ሰጥታ ትሬይ ላንስን መረጠች። ላንስ ለቡድኑ ጀምሮ የተጫወተው አራት ጨዋታ ብቻ ነው፤ በ2023 ለዳላስ በአንድ የአራተኛ ዙር ተራ ተሰጠ። በዚህ መሐል ያው ቡድን በ2022 ድራፍት በመጨረሻው በ262ኛ ተራ፣ ሰው ሁሉ ወንበሩን አጣጥፎ ሲነሣ፣ የጠራው ብሮክ ፐርዲ በ2024 ለሱፐር ቦውል አደረሰው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይህ ነው፤ ፐርዲ የተለቀመ ፍሬ ነው።

እንግዲህ «ለምን ከታች አንለቅምም?» የሚል ሰው ይነሣል። ቶም ብሬዲ በ2000 በ199ኛ ተራ ተመርጦ ሰባት ሱፐር ቦውል አሸነፈ፤ ጄለን ኸርትስ በሁለተኛው ዙር በ53ኛ ተራ መጥቶ በ2025 ፊላደልፊያን ባለ ዋንጫ አደረገ። በ2012 ብቻ እንኳ በአንደኛው ዙር ከተጠሩት አራት ኳርተርባኮች አንዳቸውም ሱፐር ቦውል ላይ ሲሰለፉ አልታየም፤ ከሦስተኛው ዙር ግን ዊልሰንና ኒክ ፎልስ እያንዳንዳቸው ዋንጫ አንሥተዋል። ከዚህም የከበደ ነገር አለ፦ ከፔይተን ማኒንግ፣ ማለትም ከ1998 ድራፍት ወዲህ፣ አንደኛ ተብሎ ከተጠራበት ቡድን ጋር ሱፐር ቦውል ያሸነፈ ኳርተርባክ የለም። ኢላይ ማኒንግን በ2004 የጠራችው ሳን ዲዬጎ ስትሆን በዚያው ቀን ወደ ኒው ዮርክ ተለወጠ፤ ማቲው ስታፎርድን በ2009 የጠራችው ዲትሮይት ናት፣ ያሸነፈው ግን ከራምስ ጋር ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ከታች መልቀምን እንደ ዕቅድ የሚይዝ ቡድን ላም አለኝ በሰማይ ከሚለው ሰው አይለይም። ብሬዲን የምናስታውሰው ብርቅ ስለሆነ ነው፤ ከአምስተኛና ከስድስተኛ ዙር ወጥተው ስማቸውን ሳናውቀው የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? ኒው ኢንግላንድም ብሬዲን እንዲህ እንደሚሆን ብታውቅ 199ኛ እስኪደርስ ባልጠበቀች ነበር። ሳም ሃዌልን ያየ ደጋፊ ደግሞ በዚህ ነገር አይታለልም።

ቀድሞ መምረጥ ብልኅነት የሆነበት ሌላ ምክንያት ገንዘቡ ነው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የፈረመው የስድስት ዓመት የ78 ሚሊዮን ዶላር ውል ነበር፣ ከዚያ ውስጥ 50 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው። በ2011 ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ለጀማሪዎች የደመወዝ ልክ ከተዋዋሉ በኋላ፣ በዚያው ዓመት አንደኛ የተመረጠው ካም ኒውተን ያገኘው በአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ነው። ዛሬም ዳንኤልስ ለአራት ዓመት የሚከፈለው ወደ 38 ሚሊዮን ሲሆን፣ የዳላሱ ዳክ ፕሬስኮት በ2024 የፈረመው ውል በዓመት 60 ሚሊዮን ነው። የደመወዝ ጣሪያው ለሁሉም አንድ በሆነበት ሊግ፣ በጀማሪ ደመወዝ የሚጫወት ጥሩ ኳርተርባክ ያለው ቡድን በቀረው ገንዘብ መከላከያና ኳርተርባኩን የሚከልል መስመር መግዛት ይችላል። ስለዚህ መቸኮላችሁን እረዳዋለሁ። የማይገባኝ በደመወዝ ያተረፋችሁትን በተራ መልሳችሁ መክፈላችሁ ነው፤ ሦስት የአንደኛ ዙር ተራ የሸጠ ቡድን እኮ በዚያው ጣሪያ ሥር ርካሽ ሆነው ሊያገለግሉት የሚችሉ ሦስት ወጣቶችን አጥቷል።

ካንሳስ ሲቲን እንደምትጠቅሱብኝ አውቃለሁ። በ2017 ከ27ኛ ተራ ወደ 10ኛ ለመውጣት ለቡፋሎ የዚያን ዓመት የሦስተኛ ዙር ተራና የ2018ን የአንደኛ ዙር ተራ ጨምራ ፓትሪክ ማሆምስን መረጠች። ተራ ገዝታለች፣ እውነት ነው። ነገር ግን የሸጠችው አንድ የሚመጣ ዓመት ብቻ ነው፤ የገዛችውም ተሸንፋ ሳይሆን በጥሎ ማለፍ የምትገኝ፣ አሌክስ ስሚዝ የሚባል የበሰለ ኳርተርባክና አንዲ ሪድ የሚባል አሰልጣኝ ያላት ሆና ነው። ማሆምስ መጀመሪያውን ዓመት ከአንዲት የመዝጊያ ጨዋታ በቀር ቁጭ ብሎ አየ። በሁለተኛው ዓመት 50 የጎል ኳስ ወርውሮ የሊጉ ኮከብ ተባለ። በዚያው 2017 ቺካጎ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ተራ አንዲት እርከን ለመውጣት ሦስት ተራ ሰጥታ ሚቸል ትሩቢስኪን እንደ መረጠች ሳስብ፣ ዓይን ከማየት ይልቅ ልብ ከመቸኮል የተነሣ የሚገዛ ስንት ነገር አለ እላለሁ።

የቤቱ ነገር ከተራው ነገር ያላነሰ ነው። በ2002 አዲስ የተቋቋመው የሂውስተን ቡድን የመጀመሪያውን ድራፍት በዴቪድ ካር ከፈተ፤ ተራው የራሱ ነበር፣ አልገዛውም። ነገር ግን ልጁን የሚከልል መስመር አልነበረውም። ካር በዚያ ዓመት 76 ጊዜ ተይዞ ወደቀ፤ በአንድ የውድድር ዘመን እንዲህ የወደቀ ሌላ ሰው የለም። ሰው ሰባ ስድስት ጊዜ ሲወድቅ የሚጎዳው አካሉ ብቻ አይደለም፤ ኳሱን ይዞ ሜዳውን መቃኘቱን ትቶ የሚመጣበትን ሰው መቃኘት ይጀምራል፣ ይህም ልማድ ሆኖ ይቀራል። በግንባር የሚቆሙት አምስቱ የመስመር ሰዎች በስም የማይታወቁ፣ ኳስ የማይነኩ፣ ማንም ፎቶ አብሯቸው የማይነሣ ናቸው። የኳርተርባኩ ዕድሜ ግን በእነርሱ ትከሻ ላይ ነው።

ስለዚህ ክቡራን፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ኳርተርባክ የላችሁም ብላችሁ ካመናችሁና የገዛ ተራችሁ ልጁ ዘንድ ካደረሳችሁ፣ ጎበዝ ተከላካይ አለ ብላችሁ አትለፉት፣ ምረጡት። ተራችሁ ካላደረሳችሁ ከአንድ የሚመጣ ዓመት የአንደኛ ዙር ተራ በላይ አትሽጡ፤ ያም ቢሆን ቡድናችሁ ቀድሞውኑ የሚያሸንፍ ሲሆን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የተሸናፊ ቡድን የነገ ተራ ውድ መሆኑን ገዢው ከእናንተ በፊት ያውቃል። ስሙን ከመጥራታችሁ በፊት አሰልጣኙን ወስኑ፤ ባለቤቶች ልጁን በአንዱ አሰልጣኝ አስመርጣችሁ በሌላው አታሠልጥኑት። መስመሩ ካልተሰናዳ ልጁን አስቀምጡት፣ አንድ ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም፤ እያነከሰ ያለ ልጅ ደግሞ ዋጋው ስንት ቢሆን ይውጣ።

ይህን ሁሉ ያደረገ ቡድን ያሸንፋል ብዬ አልዋስም። ዳንኤልስ ራሱ በ2025 በተደጋጋሚ ተጎዳ፣ ክርኑ ወልቆ ከሜዳ ሲወጣ አየን፣ ቡድኑም 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። በዚያ ሰሞን ግን ከ2013 የተለየ አንድ ነገር ነበረ፤ እየተሸነፍን የምናገኘው ተራ የእኛው ነበር። ቤቴ ውስጥ ማንም አላለቀሰም።

ለእኛ ለደጋፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። ባለቤቶቹ የሚቸኩሉት ከምንም ተነሥተው አይደለም፤ ጀማሪው ልጅ በሦስተኛው ጨዋታ ኳስ ሲስት የምንጮኸው እኛ ነን፣ «ተጠባባቂውን አስገቡ» የምንለው እኛ ነን፣ በሳምንቱ ደግሞ ተጠባባቂውን የምንረግመው እኛው ነን። በ2012 የዘጠኝ ዓመት ልጄን የግሪፈንን ቁጥር 10 ማልያ ገዝቼ አልብሼዋለሁ፤ ማልያው እስካሁን ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ዳንኤልስ በተመረጠ ማግስት፣ ልጄ አሁን ከእኔ በላይ ረዝሞ፣ ቁጥር 5ን ልግዛልህ ብለው «አባዬ፣ መጀመሪያ የሚከልለውን ሰው ያምጡ» አለኝ። በማርች 2025 ቡድኑ የግራ መስመር ጠባቂውን ላሬሚ ተንስልን ከሂውስተን ሲያመጣ ሄዶ በገዛ ገንዘቡ ቁጥር 78ን ገዛ። ሱቁ ውስጥ ያችን ማልያ ፈልጎ ለማግኘት ሻጩን ግማሽ ሰዓት አስቁሞታል።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ደጋፊ